ከኩታህያ እስከ ቀጨኔ

በአገራችን ሸክላ ሠሪ የሕይወት ታሪክ የለውም። የንጉሥ ታሪክ አለ፣ የጳጳስ ታሪክ አለ፣ የአርበኛና የባለቅኔ ታሪክ አለ። ጠላችንን የጠመቅንበት ጋን፣ ውኃ የቀዳንበት እንስራ፣ እንጀራ የጋገርንበት ምጣድ፣ ቡና ያፈላንበት ጀበና ግን ከማን እጅ እንደወጣ የሚያውቅ ካለ እጁን ያውጣ። ሸክላ ሠሪያችን አብዛኛውን ጊዜ ሴት ናት፤ የምትታወቀውም በሠፈሯ እንጂ በስሟ አይደለም።

ዛሬ ላነሳው የፈለግሁት ሰው ሸክላ ሠሪ ነው፤ ነገር ግን የሕይወት ታሪክ አለው። ስሙ ዳቪድ ኦሃኔሲያን ይባላል፤ አርመናዊ ነው። የሠራው ጋንና እንስራ ሳይሆን የግድግዳ ማስጌጫ ሸክላ ነው። እኛ ዛሬ «ሴራሚክ» እያልን ከምንጠራው ጋር ዘመድ ነው፤ ልዩነቱ እያንዳንዱ በእጅ የተሳለ መሆኑ ነው። ለምን እሱን እንደመረጥሁ ለአንባቢ መግለጽ ይገባኛል። እኔ በሙያዬ ሴራሚክ አንጣፊ ነኝ። ከሃያ ዓመት በላይ ከባሕር ማዶ በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ሴራሚክ በውኃ ልክና በቱንቢ እያስተካከልሁ በአዲስ አበባ ግድግዳዎች ላይ ስለጥፍ ኖሬአለሁ። እናቴ ደግሞ የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ናት። እሷ ትሠራለች፣ አትለጥፍም፤ እኔ እለጥፋለሁ፣ አልሠራም። ዳቪድ ኦሃኔሲያን የሁለታችንን ሙያ በአንድ ራስ የያዘ ሰው ሆኖ ስላገኘሁት ልቤ ወደ እሱ ሄደ።

ሥራውን መጀመሪያ ያየሁት በ2010 ዓ.ም. ለትንሣኤ ኢየሩሳሌምን ለመሳለም በሄድሁ ጊዜ ነው። ሌሎቹ ተሳላሚዎች ወደ ዴር ሡልጣን ሲጣደፉ እኔ በየመንገዱ ጥግ እየቆምሁ ግድግዳ አይ ነበር፤ የሙያ ነገር ሆኖ። በአሮጌው ከተማ የመንገዶቹ ስም በቆርቆሮ ላይ አይደለም የተጻፈው፤ በነጭ ሸክላ ላይ ነው፤ ዙሪያውን ክፈፍ አለው። ጠጋ ብዬ ሳይ በአንዳንዶቹ ላይ የዕብራይስጡ ጽሑፍ ከዐረብኛውና ከእንግሊዝኛው በላይ ለብቻው የተጨመረ ሆኖ አገኘሁት፤ መጋጠሚያው ለአንጣፊ ዓይን አይሰወርም። በኋላ እንደተረዳሁት ነገሩ እንዲህ ነው፤ በእንግሊዞች ዘመን ሦስቱም ቋንቋዎች አብረው ይጻፉ ነበር፤ ከ1948 በኋላ በዮርዳኖስ ዘመን ዐረብኛና እንግሊዝኛ ብቻ ሆነ፤ ከ1967ቱ ጦርነት በኋላ ደግሞ ዕብራይስጡ ከላይ ተቀጠለ። (እዚህ ላይ የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛው ሲሆን «ዓ.ም.» እላለሁ።) መንግሥታት ተለዋውጠዋል፤ ሸክላውን የሚሠሩት ግን በዚያ ሁሉ ዘመን አርመኖች ናቸው። ይህን የሸክላ ሥራ ወደ ከተማይቱ ያመጣው ማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኦሃኔሲያን ዘንድ ይደርሳል። የልጅ ልጁ ሳቶ ሙጋሊያን በ2019 ሰፊ የሕይወት ታሪኩን በእንግሊዝኛ ጽፋ አሳትማለች።

ዳቪድ የተወለደው በ1884 በአናቶሊያ ምድር፣ በኤስኪሼሂር አካባቢ ነው። ሙያውን የተማረውና ጌታ የሆነበት ግን በኩታህያ ከተማ ነው። ኩታህያ ማለት ለዘመናት ሸክላ ስትሠራ የኖረች፣ ሙስሊም ቱርኮችና ክርስቲያን አርመኖች ጎን ለጎን እቶን የሚያነዱባት ከተማ ነበረች። ዳቪድም የራሱን መሥሪያ ቤት ከፍቶ የድሮ መስጊዶችን የፈራረሰ ሸክላ በመጠገንና ለአዳዲስ ሕንፃዎች በመሥራት ስም አወጣ። ዝናው ከአገሩ ተሻግሮ ሰር ማርክ ሳይክስ የተባለ እንግሊዛዊ ባላባት በዮርክሻየር ለሚገኘው የስሌድሜር ቤቱ አንድ ሙሉ ክፍል በኩታህያ ሸክላ እንዲለብስለት አዘዘው። ይህ ሳይክስ በኋላ ከፈረንሳዩ ፒኮ ጋር ሆኖ መካከለኛውን ምሥራቅ በካርታ ላይ የተከፋፈለው ያው ሰው ነው።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል፤ ምክንያቱም የሰውየው ሕይወት ያለው እዚያ ውስጥ ነው። የኩታህያው ሸክላ ነጭ ነው፤ ጭቃው ውስጥ የተፈጨ ነጭ ድንጋይ ይገባል። ሥዕሉ አስቀድሞ በወረቀት ላይ ይነደፋል፤ መስመሩ በመርፌ ነጠብጣብ ይበሳል፤ ወረቀቱ በሸክላው ላይ ይዘረጋና የከሰል ዱቄት በጨርቅ ተቋጥሮ ይመታበታል። ዱቄቱ በቀዳዳዎቹ አልፎ ጥላ የመሰለ ንድፍ ይተዋል። ከዚያ ሠዓሊው በቀጭን ብሩሽ ጥቁሩን መስመር ያወጣል፤ በመካከሉም ቀለሙን ይሞላል። ኮባልት ሰማያዊውን፣ መዳብ አረንጓዴውንና ውኃ ሰማያዊውን፣ ብረት የበዛበት አፈር ቀዩን ይሰጣል። በመጨረሻም መስታወት የሚሆነው ፈሳሽ ከላይ ይፈስበታል። ያን ጊዜ ሥዕሉ ሁሉ ነጭ ዱቄት የለበሰ ይመስል ይሸፈናል። ባለሙያው የደከመበትን አበባ ሳያየው ወደ እቶን ያስገባዋል፤ የሚያየው እቶኑ ቀዝቅዞ ሲከፈት ነው። ሙቀቱ ትንሽ ቢያንስ መስታወቱ አይቀልጥም፤ ቢበዛ ቀለሙ ይፈስሳል። ይህ ሁሉ በመጽሐፍ አይገኝም፤ ከጌታ ወደ ተለማማጅ፣ ከዓይን ወደ እጅ የሚሄድ ነው።

የእናቴም እንደዚሁ ነው፤ መንገዱ ይለያይ እንጂ። አፈሩ ከእንጦጦ ግርጌ ይመጣል። ይደርቃል፣ ይወቀጣል፣ ይነፋል፣ ከአሸዋና ከተፈጨ ገል ጋር ይቦካል፣ በእግር ይረገጣል። የሚሽከረከር መሣሪያ የለም፤ እሷ ራሷ በሥራዋ ዙሪያ ጎንበስ ብላ ትዞራለች። በጥላ ይደርቃል፣ በለስላሳ ድንጋይ ይታሻል፣ ሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት ይቃጠላል። መስታወት አይፈስበትም። ምጣዱ የሚለሰልሰው በገዛው ሰው ቤት በጎመንዘር ሲሟሽ ነው። እናቴ የእሳቱን መጠን የምታውቀው በጭሱ መልክ ነው። ዳቪድም ከዚህ የተለየ ቴርሞሜትር አልነበረውም ብል ያጋነንሁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ወደ ታሪኩ ልመለስ። በ1915 በኦቶማን ግዛት በአርመኖች ላይ የዘር ፍጅቱ ሲጀመር የኩታህያው ገዥ ፋይክ ዓሊ ትእዛዙን አልቀበልም ብሎ የብዙ አርመኖችን ነፍስ አትርፏል። ስሙን እዚህ ማንሳት ተገቢ ነው። ዳቪድ ግን ከዚህ ጥላ ውጭ ወደቀ፤ በ1916 ከነቤተሰቡ ወደ ሶርያ ተጋዘ። መሥሪያ ቤቱ፣ እቶኑ፣ የተበሱት የንድፍ ወረቀቶቹ ሁሉ ወደ ኋላ ቀሩ። ከሞት ተርፎ ሐለብ የደረሰው ሰው በእጁ የያዘው ንብረት አልነበረም፤ የያዘው እጁን ነበር።

በ1918 መጨረሻ ገደማ ያ ቤቱን ያስጌጠለት ማርክ ሳይክስ ሐለብ ውስጥ አገኘው። እንግሊዞች ኢየሩሳሌምን በታኅሣሥ 1917 ይዘው ነበር። የከተማይቱ ወታደራዊ ገዥ ሮናልድ ስቶርስ የዓለቱን ጉልላት፣ ማለትም ዐረቦች ቁባት አስ ሳኽራ የሚሉትን ሕንፃ ለማደስ አስቧል። ጉልላቱ በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሱልጣን ሱሌይማን ዘመን ውጪውን በሸክላ ለብሶ ነበር፤ ሸክላው ከአራት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ እየረገፈ ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ሳይክስ ዳቪድን ጠቆመ። ሳይክስ ራሱ በየካቲት 1919 በኅዳር በሽታ ፓሪስ ላይ ሞተ፤ ዳቪድ ግን ኢየሩሳሌም ገባ። ወደ ኩታህያ ተመልሶም በሕይወት ከተረፉት ባለሙያዎች መካከል የቻላቸውን ይዞ መጣ፤ ከእነሱም ውስጥ ሸክላ ቀራጩ ኒሻን ባሊያንና ሠዓሊው ሜገርዲች ካራካሺያን ይገኙበታል። ጌታችን መስቀሉን ተሸክሞ ባለፈበት የሕማማት መንገድ ላይ እቶኑ ተነደደ።

አሁን ልብ በሉ። ይህ ሰው ከመቃብር አፍ ተጎትቶ የመጣበት ትልቁ ሥራ አልተፈጸመም። በጉልላቱ እድሳት ጉዳይ ገንዘቡም ስምምነቱም ሳይሟላ ቀረና የአርመኖቹ ሸክላ በታሰበው መንገድ ጉልላቱን አላለበሰም። እኔ ይህን ሳነብ ሥራው እንደ ዕዳ ከበደኝ። አንጣፊ ስለሆንሁ አውቀዋለሁ፤ ለአንድ ግድግዳ ተለክቶ የተዘጋጀ ነገር ግድግዳውን ሲያጣ ምን እንደሚመስል። ደግሞም የሚገርመው፣ ከዚያ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት፣ በ1719 ገደማ፣ የኩታህያ አርመኖች ለጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን እድሳት ብለው ያሠሩት ባለ ሥዕል ሸክላ ኢየሩሳሌም ደርሶ በታሰበለት ቦታ ሳይገባ ቀርቷል፤ ዛሬ የሚገኘው በአርመኖቹ በቅዱስ ያዕቆብ ካቴድራል ነው። የኩታህያ ሸክላ በኢየሩሳሌም ሁለት ጊዜ የታለመለትን ግድግዳ አጥቷል ማለት ነው።

ዳቪድ ግን እጁን አጣጥፎ አልተቀመጠም። ትልቁ ግድግዳ ሲቀር ትንንሾቹን ያዘ። የመንገድ ስም ጻፈ፣ ሳሕንና ማሰሮ ሠራ፣ የምንጭ ውኃ መቅጃ አስጌጠ። በአሜሪካን ኮሎኒ ሆቴል፣ በስኮትላንዶች ቅዱስ እንድርያስ ቤተ ክርስቲያን፣ በ1938 በተከፈተው የሮክፌለር ሙዚየም ዛሬም ሥራው ይታያል። በ1922 ባሊያንና ካራካሺያን ከእሱ ተለይተው በናብሉስ መንገድ የራሳቸውን መሥሪያ ቤት ከፈቱ። መቼም መለያየት ደስ አይልም፤ ይሁን እንጂ ሙያው የተረፈው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1948 ጦርነት ዳቪድ ኢየሩሳሌምን ለቅቆ ሁለተኛ ጊዜ ስደተኛ ሆነ፤ የሕማማት መንገዱ እቶን ጠፋ፤ እሱም በ1953 ቤይሩት ላይ ዐረፈ። ከእሱ የተለዩት ሰዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ግን አሁንም ይሠራሉ። በ1919 የተነደደው እሳት መቶ ዓመት አልፎታል።

የእኛ ታሪክ ከዚህ ጋር የሚገናኝበት አንድ ቦታ አለ። ዳቪድ በመሥሪያ ቤቱ ከፍጅቱ የተረፉ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆችን ተቀብሎ ሙያ ያስተምር ነበር። በዚያው ዘመን፣ በዚያችው ከተማ፣ በ1916 ዓ.ም. አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ መኰንን የአርመኖቹን ገዳም ሲጎበኙ እንደነዚሁ ያሉ ልጆች በነፋስ መሣሪያ ተቀበሏቸው። ራስ ተፈሪም በፓትርያርኩ ፈቃድ አርባውን ተረክበው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። «አርባ ልጆች» የምንላቸው እነሱ ናቸው። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የ«ኢትዮጵያ ሆይ ደስ ይበልሽ»ን ዜማ ደረሰ፤ መዝሙሩም እስከ አብዮቱ ድረስ ተዘመረ። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ ያለ አርመኖች አይነገርም።

እኔ ግን አንድ ነገር ይከነክነኛል። መለከቱ መጣ፤ ሸክላው አልመጣም። መለከት ስላልነበረን አመጣነው፤ ሸክላ ግን ነበረን። ቢመጣስ ኖሮ ምን ይገጥመው ነበር? መለከት ነፊው የደንብ ልብስ ለብሶ በቤተ መንግሥት ይሰለፋል። ሸክላ ሠሪው የት ይሰለፍ ነበር? ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. አንጥረኛውን፣ ሸማኔውን፣ ባለ እጁን በሙያው መስደብን የሚከለክል ዐዋጅ አስነግረዋል። ዐዋጅ የሚያስነግር ነገር ስድቡ የቱን ያህል ሥር እንደሰደደ ይመሰክራል። ያ ዐዋጅ ከተነገረ ከሰባ ዓመት በኋላ እኔ በተወለድሁበት ሠፈር እናቴን «ቡዳ» የሚላት ሰው ከእሷ በገዛው ምጣድ የጋገረውን እንጀራ ይበላ ነበር። ልጁ ሲታመምበት የእናቴን ዓይን ያማል፤ ልጁ ሲድንለት ጀበና ሊገዛ ይመጣል። እሷም ትሸጥለታለች።

እናቴ ሙያዋን ከእናቷ ተማረች፤ እናቷም ከእናቷ። ለእህቴ ግን አላስተማረችም። ጭቃው አጠገብ ስትመጣ «ሂጂ፣ ደብተርሽን አንሺ» ትላት ነበር። ያን ጊዜ ለትምህርት ካላት ፍቅር ይመስለን ነበር፤ እውነትም ፍቅር አለበት። በኋላ አንድ ቀን ራሷ ስትናገር፣ «እጇ ላይ ጭቃ ካላዩባት ማን ያውቅባታል?» አለች። እህቴ ተምራ፣ ተድራ ከቀጨኔ ወጣች። ማንም አላወቀባትም። ሰንሰለቱ ግን እዚያ ላይ ተበጠሰ።

የዳቪድ ታሪክ ለእኔ የሚከብደኝ እዚህ ላይ ነው። የእነሱን ሙያ ሊያጠፋ የመጣው ሰይፍና ስደት ነበር፤ ሙያው ግን አልጠፋም፤ ምክንያቱም የተረፈው ሰው ባለበት ሁሉ «ጌታ» ተብሎ ይጠራል፣ ልጁም የአባቱን ብሩሽ ለማንሣት አያፍርም። የእኛን ማንም በሰይፍ አልነካውም። አንድ ቃል ብቻ ነው የነካው፤ ቃሏም ሦስት ትውልድ ሳይሞላት ሰይፍ ያልቻለውን ሠራች። ስም ብቻ ነው ጥፋቱ ማለቴም አይደለም። እናቴን ብትጠይቋት ከስሙ በፊት ወገቧን ትነግራችኋለች፤ አፈሩን በጀርባዋ የተሸከመችበትን፣ ጭሱ ዓይኗን ያበላሸበትን፣ ሦስት ቀን የለፋችበትን ጀበና ገዢው በዳቦ ዋጋ የሚከራከርበትን። እንግሊዝ አገር ያለ ባላባት ክፍሉን በሸክላ ሲያስለብስ የከፈለው ዋጋ አለ፤ ሙያ በአድናቆት ብቻ አይኖርም። ይሁን እንጂ ዋጋውም ቢሆን የስሙ ልጅ ነው። የተናቀ ሰው ሥራ አይወደድም።

ዘመን ያመጣው ነገር ጥፋተኛ ነው የሚሉ አሉ፤ ፕላስቲኩ እንስራን፣ ብረት ድስቱ ሸክላ ድስትን ገደለው ይላሉ። እውነት አለበት። ነገር ግን የኤሌክትሪክ ምጣዳችሁን ክዳን ከፍታችሁ እዩ፤ እንጀራው የሚሰፋበት አሁንም ሸክላ ነው። ኤሌክትሪኩ ከታች ገባ እንጂ ሸክላውን አላስወጣውም። ፈላጊ አልጠፋም፤ የሚጠፋው ሠሪው ነው።

ከኢየሩሳሌም ስመለስ አንድ መዳፍ የምታህል የአርመን ሸክላ ለእናቴ አመጣሁላት፤ በሰማያዊና በአረንጓዴ የወይን ሐረግ የተሳለባት። ሥዕሏን ብዙም አላየችው። ገልብጣ ጀርባዋን አየች፤ መስታወት ያልነካውን ጎን በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። ከዚያ በጥፍሯ መታ አድርጋ ድምፁን አዳመጠች፤ ገበያ ላይ ጀበና እንደሚመረጥ ማለት ነው። «በስሏል» አለች። ትንሽ ቆይታ፣ «የሠራው ሰው ማን ይባላል?» ብላ ጠየቀች። የመሥሪያ ቤቱን ስም ከጀርባዋ አነበብሁላት። «ይጽፉበታል?» አለችኝ። እንደሚጽፉበት ነገርኋት። እናቴ የራሷን ሥራ ከሌላ ሰው ሥራ የምትለየው በእጀታው ሥር በምትተወው የአውራ ጣት ጠባሳ ነው፤ እሱንም ከእሷ በቀር የሚያውቀው የለም።

ከዚያ ወዲህ ከእናቴ እየሰማሁ በደብተር መጻፍ ጀምሬአለሁ፤ የትኛው አፈር ለምጣድ፣ የትኛው ለጀበና እንደሚሆን፣ ገሉ ምን ያህል እንደሚገባ፣ ጭሱ ምን ሲመስል እሳቱ እንደሚበቃ። ደጋግማ፣ «ይኼ አይጻፍም፤ በእጅ ነው» ትለኛለች። ልክ ናት። ኩታህያ የተረፈችው ስለተጻፈላት ሳይሆን ባሊያንና ካራካሺያን ልጆቻቸውን አጠገባቸው ስላስቀመጡ ነው። የእህቴ ሴት ልጅ አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ አያቷ ጋ ስትመጣ ጭቃው አጠገብ ትቀመጣለች። ላስተምራት ወይ ብላ እናቴ እስካሁን አልጠየቀችም፤ ግን «ሂጂ፣ ደብተርሽን አንሺ» አላለቻትም።

እናቴ እሺ የምትለው በእኔ ልመና ብቻ አይመስለኝም። ልጅቱ ጭቃ በእጇ ይዛ ወደ ትምህርት ቤት ብትሄድ ምን እንደምትባል እስክታውቅ ድረስ ትጠብቃለች፤ ይህ ደግሞ በእናንተም በእኔም እጅ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ አንድ ትንሽ ነገር ላስቸግርህ። ከአሁን በኋላ ጀበና ስትገዛ በጥፍርህ መትተህ ድምፁን ስማ፤ ዋጋውን ስትከራከር ሦስት ቀን መሆኑን አስብ፤ ከዚያም ሻጯን፣ «ይህን የሠራችው ማን ትባላለች?» ብለህ ጠይቃት።